ለአንድ እጅ ውሃ ሦስት ክዳን

ለሴሚስተር እረፍት ቤት ስደርስ በጎቻችን ከግቢው ግድግዳ ጋር ሲታከኩ አገኘኋቸው። የድንጋዩ ካብ ላይ የተነቀለ ጠጉር እዚህም እዚያም ተንጠልጥሏል። እናቴ ሳመችኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ፣ ከዚያም ስለ መንገዱ ሳትጠይቀኝ «እከክ ገብቶብን ከርሟል» አለችኝ።

አውቶቡስ ካወረደኝ ከራቤል ከተማ እስከ ቤታችን በእግሬ ነበር የመጣሁት። ድካሜ ግን የመንገዱ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርስቲ የገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። በዚያ ሴሚስተር ብዙዎቻችንን ያንገላታን ኬሚስትሪ ነበር፤ ስንት ግራም በስንት ሊትር፣ የቱ በምን ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ ሲጨመርበት ጥንካሬው ስንት ይሆናል። እኔ መምህሩ ደስ እንዲላቸው እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ በረቂቅ፣ አንድ ጊዜ በንጹሕ እሠራ ነበር። ውጤቴ ክፉ አልነበረም። ቤቴ ስገባ ግን የምመኘው መተኛት ብቻ ነበር።

አባቴ ግን ሥራ አቆይተውልኝ ነበር። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መትቶታል፤ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚያሻግረን በጎቹ ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም የሚበዙት እርጉዞች ናቸው። የእከኩ መድኃኒት በቆርቆሮ መጥቶ ጎጣችን ደርሷል። ያመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን ሌላ ቀበሌ የከብት በሽታ ተነሥቶ ተጠርቶ ሄዷል። ሲሄድም፣ መድኃኒቱ ለሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚበቃ፣ እንዳያባክኑት፣ መመሪያውንም ዩኒቨርስቲ የገባችው ልጅ ስትመጣ እንድታነብላቸው ነግሯቸዋል። አባቴ ይህን ለእኔ የነገሩኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው።

«ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው» አሉኝ።

መመሪያውን ደጅ ተቀምጬ አነበብኩት። በሚሊ ሊትርና በሊትር የተጻፈውን ሰው ሊይዘው በሚችል መንገድ ለወጥኩት። የቆርቆሮው ክዳን መለኪያ ነው። አሥር ጀሪካን ውሃ አንድ እጅ ብንለው፣ ለአንድ እጅ ውሃ አንድ ክዳን መድኃኒት ይገባል። ገንዳው አምስት እጅ ስለሚይዝ አምስት ክዳን ማለት ነው። እስከዚህ ቀላል ነበር። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር አለ፤ በጎቹ እየገቡ ሲወጡ ውሃው ከአምስት እጅ አንዱን ሲያጎድል፣ ለጎደለው አንድ እጅ ውሃ ሦስት ክዳን ይጨመር ይላል።

መጀመሪያ የኅትመት ስሕተት መሰለኝ። በተማርኩት መሠረት፣ በስኳር ከተበጠበጠ ውሃ አንድ ብርጭቆ ብትቀዳ የቀረው ጣፋጭነቱ አይለወጥም። የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ በዚያው ልክ መበጥበጥ ነው። ሦስት እጥፍ ለምን? ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው መድኃኒቱ እንደ ስኳር እንዳልሆነ የገባኝ። ይህ ዘይት ነገር ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተበትኖ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል እንጂ። የሚሟሟው በስብ ውስጥ ነው፤ የበግ ጠጉር ደግሞ ስብ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ በግ ሲወጣ ከውሃው ይልቅ መድኃኒቱን አብዝቶ ይዞ ይወጣል።

ገንዳው ከጅረቱ ዳር ነው፤ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ቦይ የመሰለ፣ ጠባብና ጥልቅ። በጉ በአንደኛው ጫፍ ይገባል፣ እየዋኘ ይሄዳል፣ መሐል ላይ አንድ ሰው በባላ አንገቱን ለአፍታ ይደፍቀዋል፣ በሌላው ጫፍ ባለው ደረጃ ይወጣል። ሰው «የበግ ጥምቀት» ይለዋል። ቄሱ ይህን ስም አይወዱትም፤ እሳቸውም ግን በጎቻቸውን ይዘው መጥተዋል።

ሥራው ጠዋት መጀመር ነበረበት። የበልግ ደመና ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ በጎቹ ፀሐይ ሳለ ደርቀው ማደር አለባቸው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሴቶቹ ውሃ እያመላለሱ ገንዳው አፍ ላይ ሲደርሱ አስቆምኳቸው። የአንዷ ጀሪካን ሃያ ሊትር፣ የሌላዋ ሃያ አምስት፣ የአንዷ ደግሞ አንገቱ የተቆረጠ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ የሁሉም በአንድ ጀሪካን ይለካ። ካልሆነ ስሌቱ ይዛባል» አልኩ።

«ውይ! ሐኪም ትሆንልናለች ስንል ጀሪካን ቆጣሪ ሆና መጣች?» አሉ አንዷ።

«የእርስዎ አምስት ሊትር ይበልጣል።»

«እንግዲያስ አምስቱን ሊትር ለአንቺ መርቄያለሁ!»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እያንዳንዱን በሃያው ጀሪካን አስገለበጥኩ። ሥራው በእኔ ምክንያት ዘገየ፤ ወንዶቹም በጎቻቸውን እንደያዙ አጉረመረሙ። ገንዳው ሲሞላ ረጅም ዱላ አቁሜ ውሃው የደረሰበትን በቢላ ቆረጥኩ። ከአምስት እጅ አንዱ ሲጎድል የሚደርስበትን ደግሞ ዝቅ ብዬ ምልክት አደረግኩ። እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ አምስቱን ክዳን አፈሰስኩ። ውሃው ነጣ።

ከዚያ የተራው ጉዳይ መጣ። ፊተኛ መሆን የሚፈልግ የለም፤ መድኃኒቱ ገዳይ ከሆነ በፊተኛው በግ ነው የሚታየው። ኋለኛ መሆን የሚፈልግም የለም፤ ኋለኛው ቅራሪ ነው የሚደርሰው። ሁሉም መሐል መግባት ፈለገ። በመጨረሻ የዕድራችን ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ዕጣ!» አሉ። እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ምልክት ጣለ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የገብስ አገዳ፣ አንዱ የበግ በጠጥ፣ አባቴ ከዱላቸው የላጡትን ልጣጭ። ምልክቶቹ ሲጣሉ ያላዩ አንዲት ሴት ከወንዙ ተጠርተው አወጡ። በጠጡ ፊተኛ ወጣ፤ «ድሮም!» ተብሎ በባለቤቱ ተሳቀበት። የአባቴ ልጣጭ ኋለኛ ወጣ። አባቴ በጎቻቸውን ወደ ኋላ ነዱ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች በጎች ገብተው ወጡ። አንድም አልሞተም። ውሃው ዱላው ላይ እየወረደ ሄደ፤ ወደ ምልክቱ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ሦስተኛው ተራ የጎረቤታችን ነው፤ ብዙ በግ ያላቸውና አንደበታቸው ፈጣን የሆነ ሰው ናቸው። በጎቻቸውን ከማስገባታቸው በፊት መጥተው ዱላውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህች ሁለተኛዋ ምልክት ምንድን ናት?»

«ውሃው እዚያ ሲደርስ ነው የምጨምረው፣ ጋሼ።»

«ስንት ትጨምሪያለሽ?»

«ለአንድ እጅ ውሃ ሦስት ክዳን።»

«ሦስት? መጀመሪያ ለአንድ እጅ አንድ ክዳን አላልሽም?»

«አዎ፣ ግን—»

«ግን ምን? ለፊተኛው ቅራሪ፣ ለኋለኛው ጉሽ!» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ኋለኛው ማን ነው? አባቷ! አያችሁ ስሌት ማለት?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ወደ አባቴ ዞረ። የእኔ ፊት ጋለ። ሰው እንዲደሰትብኝ እንጂ እንዲጠረጥረኝ አልለመድኩም ነበር።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ እንደ ቅቤ ነው» አልኩ። «አናቷን ቅቤ የተቀባች ሴት ወንዝ ብትወርድ ቅቤው ከውሃው ጋር ይሄዳል? ፀጉሯ ላይ ነው የሚቀረው። ይህም እንደዚያ ነው። በጉ ሲወጣ ከውሃው ይልቅ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የጎደለውን ስንሞላ ማወፈር አለብን፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ልክ ጋር አይስተካከልም።»

«እውነቷን ነው፤ ቅቤ በውሃ መች ይለቃል» አሉ እኚያ አምስት ሊትር የመረቁልኝ ሴት።

«እኔ ስለ ቅቤ አልጠየቅኩም» አሉ ጎረቤታችን። «መጨረሻ የሚገባው የማን በግ ነው ነው ያልኩት።»

አባቴ እስከዚያ ድረስ በጎቻቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ።

«ና እንለዋወጥ» አሏቸው ጎረቤታችንን። «አንተ መጨረሻ ግባ። እኔ በአንተ ተራ አሁን እገባለሁ።»

የዕድሩ ዳኛ ጣልቃ ገቡ። «ዕጣ ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ዕጣ የእግዜር ነው።»

«ዳኛ፣ ሰው በልጄ ላይ ጥርጣሬ ይዞ ቤቱ ከሚገባ ዕጣዬን ብሰጥ ይሻለኛል። እግዜርም ለዚህ አይቀየመኝም።»

ጎረቤታችን እኔን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ ከዚያ «ይሁን!» ብለው በጎቻቸውን ወደ ኋላ መለሱ። ሰዉም ነገሩ በሰላም ስላለቀ ደስ አለው።

እኔ ግን ዱላው ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። እስከዚያች ቅጽበት ምልክቱን አስልቼ ነበር፤ ከምልክቱ በፊት ያለውን ግን አላሰላሁም ነበር። አሁን በጭንቅላቴ መሥራት ጀመርኩ። ገንዳው ሙሉ ሲሆን አምስት እጅ ውሃ፣ አምስት ክዳን መድኃኒት ነው። ምልክቱ ላይ ሲደርስ አንድ እጅ ውሃና ሦስት ክዳን ሲጨመር ወደዚያው ወደ አምስቱ ይመለሳል። እንግዲያው ከመጨመሩ በፊት በቀረው አራት እጅ ውሃ ውስጥ ያለው ሁለት ክዳን ብቻ ነው። አራት መሆን የነበረበት ሁለት። ግማሽ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ግማሽ ሆነ።

የአባቴ በጎች የሚገቡት ውሃው ወደ ግማሽ ኃይሉ ሲወርድ ነው። ጎረቤታችን የወሰዱት ተራ ደግሞ ሦስቱ ክዳን ከገባ በኋላ የሚመጣው ነው።

አባቴ የመጀመሪያዋን በግ አንገቷንና ጭራዋን ይዘው ሳለ ጠጋ አልኳቸው።

«አባባ፣ አሁን አያስገቧቸው።»

«ለምን?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። «ውሃው ደክሟል። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ግማሽ ኃይል ብቻ ነው የሚኖረው። የእኛ በጎች በደከመው ውስጥ ነው የሚገቡት። አስቀድሜ ጥቂት ልጨምር፤ ስንት እንደሚያስፈልግ ማስላት እችላለሁ።»

በጓን አለቀቋትም። «ለሰው መቼ እጨምራለሁ ነበር ያልሽው?»

«ምልክቱ ጋ ሲደርስ።»

«እንግዲያስ ሲደርስ።»

«አባባ፣ እርጉዞቹ እኮ—»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉና በጓን ገፋ አድርገው ለቀቋት።

የእኛ በጎች ብዙ አይደሉም፤ ለእኔ ግን ሲገቡ ሲወጡ ማለቂያ አልነበራቸውም። ባላ የያዘው ሰው አንገታቸውን ደፈቀ፤ እነሱም እያነጠሱ ወጡ። በየበጉ ውሃው ጥቂት ወረደ። ያን ያህል ደክሞኝ አያውቅም፤ ቆሜ ከማየት በቀር ግን ምንም አልሠራሁም። ቆርቆሮው በእጄ ነው፤ የሚጎድለውን አውቃለሁ፤ አልጨምርም። የመጨረሻዋ ሆዷ የገፋ ጥቁር በግ ነበረች። እሷ ደረጃውን ስትወጣ ውሃው ከምልክቱ ጋር ልክ ሆነ።

አሥሩ ጀሪካን ተገለበጠ። ሦስቱን ክዳን አፈሰስኩ። ውሃው እንደገና ወተት መሰለ።

«አሁን ጥሩ ነጣ!» አሉ ጎረቤታችን፤ ተራቸው ገና እየተጠበቀ ቢሆንም።

ከሰዓት በኋላ በጎቹ ፀሐይ ላይ እየተንቀጠቀጡ ደረቁ። ደመናው ሳይደርስብን ወደ ቤት ነዳናቸው። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እናቴ በር ላይ ሆና «ተነከሩ?» አለች። «ተነከሩ» አሉ አባቴ። ስለ ግማሹ አልነገሯትም።

በማግሥቱ ግን በጎቹን ከሌላው መንጋ ጋር አላሰማሩም። ገደሉ አፋፍ ወዳለው ነፋሻ ቦታ ወሰዷቸው። እዚያ ከድንጋይና ጓሳ ከሚባለው ሻካራ ሣር በቀር የሚበላ አይገኝም። አብሬያቸው ሄድኩ።

«ግማሽ ከሆነ እከኩም ግማሹ አለ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደዚያ በቀጥታ አይሰላም፣ አባባ። ይበቃ ይሆናል። ወይም ያልሞተው መልሶ ይራባ ይሆናል። አላውቅም።»

«እንግዲያው የሰው በግ እንዳናስይዝ እዚሁ ይቆዩ።»

እረፍቴ እዚያ አለቀ። ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን በጎቹን እናያለን። የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ታከከች። በመጀመሪያ ማንም አልታከከችም፤ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ጥቁሯ በግ ጎኗን ከድንጋይ አስጠጋች። አባቴ አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን በዚያ አለፉ። ቆም አሉና ከሩቅ ተጣሩ።

«ምነው ከሰው ተለየህ?»

«ሳሩ እዚህ ይሻላል» አሉ አባቴ።

ጎረቤታችን ድንጋዩን አዩ፣ ነፋሱ የሚገርፈውን ጓሳ አዩ፣ በጎቹን አዩ።   እዚያው ብዙ ቆመው ሄዱ።

ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ ሁለተኛው ንክር እኔ በሌለሁበት እንደሚሆን ስለታወቀ፣ ዱላውን ይዤ የዕድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ሌላ ምልክት ጨምሬበት ነበር።

«ውሃው ያን ያህል እስኪወርድ አይጠበቅ» አልኳቸው። «እዚህ አዲሱ ምልክት ላይ ሲደርስ ግማሽ እጅ ውሃ፣ ማለት አምስት ጀሪካን፣ ከአንድ ተኩል ክዳን ጋር ይጨመር። የሚያልቀው መድኃኒት ያው ነው። ቶሎ ቶሎ ስለሚጨመር ግን ውሃው ከሦስት አራተኛ ኃይሉ አይወርድም። ማንም ተራው የትም ይሁን፣ ግማሽ አይደርሰውም።»

ዱላውን እያገላበጡ አዩት። «ይህን ያኔ ለምን አላልሽም?»

«ያሰላሁት የአባቴ ተራ ሲደርስ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኔ ብትይው ማን ያምንሽ ነበር!»

ወደ ዩኒቨርስቲ ግቢ ተመለስኩ። የሁለተኛው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ካቆመበት ቀጠለ፤ መምህሩ ሰሌዳውን በቁጥር ይሞላሉ፣ እኛም እንገለብጣለን። ስለ ገንዳው ለማንም አልነገርኩም። በየቀኑ ስልኬን አያለሁ። አባቴ ለመደወል ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ መውጣት አለባቸው፤ ስለዚህ ነገር ሳይኖር አይደውሉም።

የደወሉ ቀን ከክፍል እየወጣሁ ነበር። ነፋሱ ድምፃቸውን እየወሰደ ይመልሰዋል።

«ተነከሩ!» አሉኝ።

«ዕጣው ስንተኛ አወጣዎት?»

«ዘንድሮ ዕጣዬ ኋለኛ ነው፤ አሁንም ኋለኛ።»

«ጎረቤታችን ምን አሉ?»

ሳቁ። «እሱማ ክዳኑን ነጥቆ ያዘ። ውሃው ምልክቱ ጋ በደረሰ ቁጥር ‹አንድ ተኩል! አንድ ተኩል!› እያለ ይጮኻል። ጀሪካኑን በሃያው ካልለካችሁ ብሎ ሴቶቹን አሰለቻቸው። ካንቺ ባሰ።»

«በጎቹስ?»

«መታከክ ትተዋል። ጠጉር ገና ነው፤ ቁስሉ ግን ደርቋል። አሁን ከሰው በግ ጋር ነው የሚውሉት።»

ደስ አለኝ፤ ግድግዳ ተደገፍኩ። «ጥቁሯስ፣ አባባ?»

ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣበቅኩት። 

«እሷ አልቻለችም» አሉ። «ከነሆዷ ሞተች፤ ከሁለተኛው ንክር በፊት ነው። አርጅታ ነበር እኮ።»

አላረጀችም ነበር። ግልገል ሳለች አውቃታለሁ፤ ያ እርግዝና ሁለተኛዋ ነበር። ይህን አባቴም ያውቃሉ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው፤ «አርጅታ ነበር።»